ለተራው ሲዲ ማጫወቻ ሙዚቃ በርን ማድረግ፦ ከፋይሉ እስከ ቴፑ

ሲዲው ላፕቶፑ ላይ ጥርት ብሎ ይጫወታል። እማማ ቤት ያለው ቴፕ ውስጥ ሲገባ ግን ትንሽ ይሽከረከርና «ኖ ዲስክ» ይላል። እዚህ ኮዬ ፈጬ ሰው «ይቺን ነገር እስቲ እይልኝ» ብሎ ሲዲ ይዞ የሚመጣው ባብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ሲዲው አልተበላሸም። ቴፑም ጤነኛ ነው። ሲዲው የተዘጋጀው ግን ለኮምፒውተር ነው።

ይህ መመሪያ ስልክ፣ ፍላሽ ወይም ላፕቶፕ ላይ ያለን ዘፈን፣ መዝሙር፣ መንዙማ ወይም ስብከት ተራ ሲዲ ማጫወቻ በሚያነበው መልክ እንዴት ሲዲ ላይ እንደሚጻፍ፣ ማለትም በርን እንደሚደረግ ያሳያል። «ዛሬ ደግሞ ማን ሲዲ ይሰማል?» የሚል አይጠፋም። ከቱሉ ዲምቱ ገላን የሚመላለሱትን አሮጌ ያሪስና ኮሮላዎች እዩ። ብዙዎቹ የሲዲ መግቢያ እንጂ የፍላሽ መሰኪያ የላቸውም። ትልልቅ ሰዎች ቤትም ግቡ። ስልክ መነካካት የማይሆንላቸው፣ አንዲት ቁልፍ ተጭነው ግን የሚወዱትን መዝሙር የሚሰሙ እናቶች አሉ። እነሱን አዲስ ዕቃ እናላምድ ብለን ከምናስጨንቃቸው፣ በለመዱት ዕቃ የሚሰማ ሲዲ ብንሠራላቸው ይሻላል ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ማጫወቻውን እዩ

ላፕቶፕ ከመክፈታችሁ በፊት ሲዲው የሚገባበትን ዕቃ እዩት። ፊቱ ላይ ወይም የሲዲው መክደኛ ላይ ትንሽ ምልክት አለች። «ኮምፓክት ዲስክ ዲጂታል ኦዲዮ» ብቻ የምትል ከሆነ የሚያነበው ኦዲዮ ሲዲ ብቻ ነው ብላችሁ ተነሱ። ከጎኗ «ኤምፒ3» የሚል ካለ ሁለቱንም ያነባል። ጽሑፉ ተፍቆ የማይታይ ከሆነ ኦዲዮ ሲዲ ሥሩለት። በጤናው ያለ ሲዲ ማጫወቻ ኦዲዮ ሲዲ እምቢ አይልም።

ልዩነቱ የሚመጣው ከዕድሜ ነው። የኦዲዮ ሲዲን ደንብ ፊሊፕስና ሶኒ ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። የመጀመሪያዎቹ ማጫወቻዎች በ1982 ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ ቀረቡ። ያኔ ኤምፒ3 የሚባል ነገር አልነበረም። ስለዚህ ተራ ማጫወቻ ፋይል አያውቅም፣ ፎልደር አያውቅም። የሚያውቀው ያልታመቀ ድምፅ ብቻ ነው፤ በሰከንድ 44,100 ጊዜ የተለካ፣ እያንዳንዱ ልኬት 16 ቢት የሆነ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ቻናል ያለው ድምፅ። ኤምፒ3 ደግሞ ቦታ እንዲቆጥብ የታመቀ ነው። ኤምፒ3ን እንደ ሽሮ ዱቄት አስቡት፤ ቴፑ ምድጃ የለውም፣ የተሠራ ወጥ ነው የሚፈልገው። ወጡን የሚሠራው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የበርን ፕሮግራም ነው፤ «ኦዲዮ ሲዲ» ብላችሁ ካዘዛችሁት።

ፋይሎቹን ኮፒ አድርጋችሁ ሲዲው ላይ ፔስት ካደረጋችሁ ግን የሠራችሁት ዳታ ሲዲ ነው። ያ «ኖ ዲስክ» የሚመጣው ከዚህ ነው።

ራይተርና ባዶ ሲዲ

አዳዲስ ላፕቶፖች የሲዲ ማስገቢያ የላቸውም። በዩኤስቢ የሚሰካ ቀጭን ዲቪዲ ራይተር ያስፈልጋችኋል። መርካቶም መገናኛም የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች ጋ ጠይቁ። ስትገዙ መጻፍ የሚችል መሆኑን አረጋግጡ፤ ማንበብ ብቻ የሚችልም አለ። ኃይል የሚስበው ከላፕቶፑ ስለሆነ በማከፋፈያ ሳይሆን በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት። ገመዱ ሁለት ራስ ካለው ሁለቱንም ሰኩ። ኃይል ያነሰው ራይተር ሲያነብ ደህና ይመስልና ሊጽፍ ሲል ያቋርጣል።

ባዶ ሲዲ ስትገዙ ጽሑፉን አንብቡ። ሲዲ-አር፣ ሲዲ-አርደብሊው እና ዲቪዲ-አር ከሩቅ አይለዩም። የምትፈልጉት ሲዲ-አር ነው፤ አንዴ ብቻ የሚጻፍበት። ሲዲ-አርደብሊው ተደምስሶ እንደገና የሚጻፍበት ስለሆነ ቆጣቢ ይመስላል፤ ለአሮጌ ቴፕ ግን አይሆንም። ምክንያቱ ብርሃን ነው። ማጫወቻው ሲዲውን የሚያነበው ሌዘር አብርቶ የሚመለሰውን ብርሃን በማየት ነው። ሲዲ-አር ከፋብሪካ ታትሞ ከሚወጣው ሲዲ ጋር የሚቀራረብ ብርሃን ይመልሳል። ሲዲ-አርደብሊው የሚመልሰው ከዚያ እጅግ ያነሰ፣ ከ15 እስከ 25 በመቶ ገደማ ነው። የድሮ ማጫወቻ ያቺን ደካማ ብርሃን ስለማያያት ውስጡ ምንም የለም ብሎ ያስባል። ዲቪዲ-አር ደግሞ ለሲዲ ማጫወቻ ጭራሽ አይሆንም።

ጥራቱን በዓይን መገመት ይቻላል። አንዱን ሲዲ አውጥታችሁ ወደ መስኮት ወይም ወደ አምፖል አቅጣጫ ያዙት። በጥሩ ሲዲ ውስጥ ብርሃኑ በጣም በትንሹ፣ እኩል ሆኖ ያልፋል። ቀሽም ሲዲ ማዶ ያለውን ነገር ሊያሳያችሁ ይደርሳል፤ ወይም ነጠብጣብና ደብዛዛ ቦታ ይታይበታል። ያ ቦታ የብርሃን መላሹ ሽፋን የሳሳበት ነው። የታወቀ ስም ተለጥፎበት ውስጡ ፎርጅድ የሆነም ስላለ ካርቶኑን ብቻ አትመኑ። በብዛት ከመግዛት ጥቂት ገዝቶ፣ ሞክሮ፣ መመለስ ይሻላል።

የሚቆጠረው ደቂቃ ነው

አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ግራ ይጋባል። ሲዲው ላይ «700 ሜጋባይት» እና «80 ደቂቃ» የሚሉ ሁለት ቁጥሮች አሉ። ለኦዲዮ ሲዲ የሚሠራው 80 ደቂቃው ብቻ ነው። የፋይሉን ሜጋባይት እርሱት። በሰከንድ 128 ኪሎቢት የታመቀ ኤምፒ3 አንድ ደቂቃው ወደ 1 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ 100 ሜጋባይት ብቻ የሚመዝን ፎልደር ከ100 ደቂቃ ሊያልፍና ከአንድ ሲዲ ሊተርፍ ይችላል። በተቃራኒው ያልታመቀ ዋቭ ፋይል በደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው። 80 ደቂቃው 800 ሜጋባይት ያልፋል፤ 700 የሚለው ሲዲ ላይ ግን ቁልጭ ብሎ ይገባል። ዳታ ሲጻፍ ለስህተት ማረሚያ ተጨማሪ ቦታ ይያዛል፤ ለድምፅ ግን ያ ቦታም ለድምፁ ይውላል።

ለሰዓቱ ስሜት እንዲኖራችሁ፦ በቱሉ ዲምቱ ገብቶ በፈጣን መንገዱ አዳማ ለሚወርድ ሾፌር አንድ ሙሉ ሲዲ ይበቃዋል። ባለ 60 ካሴት በሁለቱም ገጹ አንድ ሲዲ ላይ ይገባል። ባለ 90ው አይገባም፤ ለሁለት ሲዲ ክፈሉት።

የትራክ ቁጥርም ገደብ አለው፤ ከ99 አያልፍም።

እኔ 80ውን ጥርቅም አድርጌ አልሞላም። ሲዲ የሚጻፈውም የሚነበበውም ከመሃል ወደ ዳር ነው። የጣት ቅባት የሚያርፈው፣ አሮጌ ሌንስ የሚቸገረው፣ ቀሽም ሲዲም የሚበላሸው ዳር ላይ ነው። ወደ 70 ደቂቃ አካባቢ ስታቆሙ የመጨረሻው ዘፈን የመዝለል ዕድሉ በጣም ይቀንሳል።

ፋይሎቹን ማዘጋጀት

መጀመሪያ ሁሉንም ከስልክና ከፍላሽ ወደ ላፕቶፑ ሃርድ ዲስክ ገልብጡ። ከፍላሽ በቀጥታ በርን አታድርጉ፤ ፍላሹ ትንሽ ከተነቃነቀ ሲዲው ከነጭራሹ ይበላሻል።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ፋይል ክፈቱና ስሙት። ቢያንስ መጀመሪያውን፣ መሃሉንና መጨረሻውን። ከቴሌግራም የወረደ ዘፈን ግማሹ ላይ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ መሃሉ ላይ የቻናሉ ማስታወቂያ የተቀዳበትም አለ። ሲዲ-አር ላይ ከተጻፈ በኋላ መሰረዝ የለም።

ስለ ጥራት አንድ ነገር ልበል። ኤምፒ3ን ወደ ኦዲዮ ሲዲ መቀየር ድምፁን አያሻሽለውም። በ64 ኪሎቢት የታመቀ ዘፈን ሲዲ ላይም ያው የታፈነ ዘፈን ነው። የሚታወቀው ደግሞ በትልቅ ስፒከር ሲሰማ ነው፤ የማሲንቆውና የጸናጽሉ ጫፍ ይሟሟል። ከተገኘ 320 ኪሎቢት፣ ወይም ፍላክ (ጥራቱ ሳይቀንስ የታመቀ ፋይል)፣ ወይም ከድሮው ኦሪጅናል ሲዲ የተወሰደ ፈልጉ።

ኤምፒ3፣ ዋቭ እና ኤምፎርኤ ፋይሎችን የበርን ፕሮግራሞች ይቀበላሉ። በድምፅ መልእክት የሚላኩት የኦግ እና የኦፐስ ፋይሎች ናቸው የሚያስቸግሩት። እነሱን ቪኤልሲ የሚባለው ማጫወቻ ፕሮግራም ይቀይርላችኋል። «ሚዲያ» የሚለውን ሜኑ ክፈቱ፣ «ኮንቨርት/ሴቭ» በሉ፣ ፋይሉን አስገቡ፣ ከፕሮፋይሎቹ ውስጥ «ኦዲዮ - ሲዲ» የሚለውን ምረጡ። በሲዲው ልክ የተዘጋጀ ዋቭ ፋይል ያወጣላችኋል። ስፖቲፋይን በመሰሉ አፖች ውስጥ «ዳውንሎድ» የተደረገ ዘፈን ግን የተቆለፈ ነው፤ ከአፑ ውጭ አይጫወትም፣ በርንም አይሆንም።

የፋይል ስሙን በቁጥር አስጀምሩት፤ 01፣ 02፣ 03 እያላችሁ። 1፣ 2 ብላችሁ ከጀመራችሁ አንዳንዱ ፕሮግራም 10ኛውን ከ1ኛው ቀጥሎ ያስገባዋል።

መብቱንም አትርሱ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለግል መገልገያ የሚሆን አንድ ቅጂ ማድረግን ይፈቅዳል። አባዝቶ መሸጥ ሌላ ነገር ነው። የካሴትና የሲዲ ገበያ ሲሞት ብዙ ድምፃዊ የተጎዳው በዚህ ነው። ለእናታችሁ ሥሩ፤ ለገበያ አትሥሩ።

ረጅም ስብከትና የሚቆራረጥ መብራት

ይቺን ክፍል ከሁሉም በላይ እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ።

ከከተማው ዳር ስትኖሩ መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ ደግሞ ይሄዳል። የቤት ሲዲ ማጫወቻ መብራት በሄደ ቁጥር የት እንደነበር ይረሳል። ዘፈን ከሆነ ችግር የለውም። የአንድ ሰዓት ስብከት አንድ ትራክ ሆኖ ከተጻፈ ግን አንዲት አሮጊት 40ኛው ደቂቃ ላይ መብራት ቢሄድባቸው እንደገና ከ«በስመ አብ» መጀመር ሊኖርባቸው ነው። ወደፊት ማስሮጫውን ቁልፍ ተጭኖ መያዝ ደግሞ ለደከመ ጣት ከባድ ነው።

መፍትሔው ስብከቱን በየ5 ደቂቃው መቁረጥ ነው። የ60 ደቂቃው 12 ትራክ ይሆናል። መብራት ሲመለስ «8 ላይ ነበርኩ» ብለው ቁልፏን 8 እስኪል መጫን ብቻ ነው።

ኦዳሲቲ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው፤ ሥራውን ይሠራል። ስብከቱን ክፈቱበት። «ሬጉላር ኢንተርቫል ሌብልስ» የሚባለውን መሣሪያ ፈልጉና ክፍተቱን 300 ሰከንድ አድርጉት። በየ5 ደቂቃው ምልክት ያስቀምጥላችኋል። ከዚያ ኤክስፖርት ስታደርጉ በየምልክቱ ተቆርጦ ብዙ ፋይል እንዲወጣ፣ ስሙም በቁጥር እንዲጀምር እዘዙት። ዓይነቱ ዋቭ፣ 16 ቢት፣ 44,100 ኸርትዝ ይሁን።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ጠብቁ። አንደኛ፣ የተቆረጠውን በኤምፒ3 አታስቀምጡ። ኤምፒ3 ሲታመቅ መጀመሪያውና መጨረሻው ላይ ትንሽ ዝምታ ይጨምራል፤ ቃሉ መሃል ላይ ይቆረጣል። ሁለተኛ፣ የምትቆርጡት በሙሉ ሰከንድ ይሁን። ኦዲዮ ሲዲ እያንዳንዱን ሰከንድ በ75 እኩል ቁራጭ ነው የሚጽፈው። ሙሉ ሰከንድ ላይ ስትቆርጡ ቁራጮቹ ሳይሸራረፉ ይገጥማሉ፤ ሰሚው መቆረጡን አያውቅም። በርን ስታደርጉም በትራኮች መሃል ክፍተት እንዳይኖር የሚያደርገውን ምርጫ አብሩ።

ከካሴት የተቀዳም እንዲሁ ነው። አንድ ገጽ ካሴት አንድ 30 ደቂቃ ፋይል ሆኖ ከመጣ በየዘፈኑ መጀመሪያ ምልክት አድርጋችሁ ቁረጡት። ሰው የሚወዳትን ዘፈን ፈልጎ ማግኘት አለበት።

የድምፅ ከፍታ

አሮጌና አዲስ ዘፈን ስትቀላቅሉ አሮጌው ዝቅ፣ አዲሱ ጮክ ይላል። መኪና ውስጥ ይሄ ያናድዳል። ቤት ውስጥ ደግሞ ተኝቶ የሚሰማን ሰው ያስደነግጣል። የበርን ፕሮግራሙ ያለውን ማስተካከያ ተጠቀሙ፤ ከታች እነግራችኋለሁ። ከአንድ አልበም የመጡ ዘፈኖች ብቻ ከሆኑ ግን ተዉት። ዝግ ያለው ዘፈን ዝግ ያለው ሆን ተብሎ ነው።

አሁን በርን እናድርግ

ባትሪው ይሙላ። ዴስክቶፕ ከሆነና ዩፒኤስ ከሌለ መብራት የሚረጋበትን ሰዓት ጠብቁ። መሃል ላይ ከጠፋ ያቺ ሲዲ አበቃላት።

ሲዲውን በዳሩና በመሃል ቀዳዳው ያዙት፤ የታችኛውን ገጽ አትንኩ። የኛ ሰፈር አቧራ የታወቀ ነው፤ ከማስገባታችሁ በፊት አቧራውን አራግፉለት።

ዊንዶውስ ካላችሁ ሌላ ፕሮግራም ሳታወርዱ ዊንዶውስ ሚዲያ ፕሌየር ይበቃል። ዊንዶውስ 11 ላይ «ሌጋሲ» የሚል ቅጥያ ያለውን አሮጌውን ፈልጋችሁ ክፈቱ፤ አዲሱን ሳይሆን። በስተቀኝ ከላይ «በርን» የሚል አለ። ተጫኑት። ዝርዝሩ አናት ላይ ካለችው ትንሽ የምርጫ ምልክት «ኦዲዮ ሲዲ» መመረጡን እዩ። «ዳታ ሲዲ» ላይ ከሆነ ቀይሩት። ሙሉው ልፋት እዚህች ምርጫ ላይ ነው የሚወሰነው፤ ሁለቴ እዩዋት።

ከዚያ ፋይሎቹን እየጎተታችሁ ቀኝ ባለው ዝርዝር ላይ ጣሉ። ስንት ደቂቃ እንደቀረ ራሱ ያሳያችኋል። ከሲዲው የተረፈውን ለሁለተኛ ሲዲ ብሎ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ቅደም ተከተሉን ወደላይና ወደታች እየጎተታችሁ አስተካክሉ። ለትልልቅ ሰዎች ስሠራ በጣም የሚወዱትን ቁጥር 1 አደርገዋለሁ፤ ቴፑ እንደበራ የሚመጣው እሱ ስለሆነ።

አሁን ያችኑ የምርጫ ምልክት ተጭናችሁ ወደ ተጨማሪ ምርጫዎች ግቡ። ሦስት ነገር አለ። የበርን ፍጥነቱን «ሚዲየም» አድርጉ። የድምፅ ከፍታ የሚያስተካክለውን እንደ ፍላጎታችሁ አብሩ ወይም አጥፉ። ለስብከት ወይም ሳይቋረጥ ለሚቀጥል ሙዚቃ ያለ ክፍተት የሚለውን ምረጡ። ለተራ ዘፈኖች የ2 ሰከንድ ክፍተት ጥሩ ነው፤ ጆሮ ያሳርፋል።

ስለ ፍጥነት ብዙ ይወራል። ባዶ ሲዲው ላይ «52 ኤክስ» የሚለው የመጨረሻው አቅሙ ነው፤ ሲዲው ሲጫወት ካለው ፍጥነት 52 እጥፍ ማለት ነው። በዚያ ፍጥነት ሲጻፍ ምልክቶቹ ስለሚንሻፈፉ አሮጌ ሌንስ ሊስታቸው ይችላል። ከ10 እስከ 24 ኤክስ ባለው መሃል ብትጽፉ ጥሩ ነው። በ16 ኤክስ 80 ደቂቃው ከ5 ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍ ነው። «በጣም ቀስ ካለ የበለጠ ይጠራል» ብሎ 1 ወይም 2 ኤክስ መፈለግ ግን ትርፍ የለውም። የዛሬ ሲዲዎች ለዚያ ዝግታ አልተሠሩም፤ ብዙ ራይተርም አይሠራበትም።

«ስታርት በርን» በሉ። ከዚህ በኋላ ላፕቶፑን ተዉት። ጨዋታ አትክፈቱ፣ ፊልም አትዩ፣ ራይተሩ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ አታንቀሳቅሱ። መቶ በመቶ ከደረሰ በኋላም ትንሽ ይቆያል። ሲዲውን እየዘጋው፣ ማለትም ፋይናላይዝ እያደረገው ነው። የትራኮቹ ማውጫ የሚጻፈው ያኔ ነው። ያልተዘጋን ሲዲ ላፕቶፕ ያነበዋል፤ ተራ ቴፕ ግን አያውቀውም። ራሱ እስኪተፋው አትጎትቱት።

ኔሮ የሚባለው የበርን ፕሮግራም ያላችሁ ስትጀምሩ «ኦዲዮ ሲዲ»ን ምረጡ፤ የመጻፊያው ዘዴ «ዲስክ አት ዋንስ» ይሁን፣ ፋይናላይዝ የሚለውም ምልክት ይደረግበት። «ትራክ አት ዋንስ» እያንዳንዱን ዘፈን ለየብቻ እያቆመ ስለሚጽፍ በመሃል ክፍተት ይተዋል። ማክ ላይ በሚዩዚክ አፕ ፕሌይሊስት ሠርታችሁ ከ«ፋይል» ሜኑ ፕሌይሊስቱን ዲስክ ላይ በርን አድርጉ። ሊኑክስ ላይ ኬስሪቢ ወይም ብራሴሮ አለ። በሁሉም ላይ ነገሩ ያው ነው፦ ኦዲዮ ሲዲ፣ መካከለኛ ፍጥነት፣ ይዘጋ።

ሲዲው ሲወጣ

ገልብጣችሁ በብርሃን እዩት። ከመሃል ጀምሮ የተጻፈበት ቦታ ቀለሙ ከቀረው ይለያል፤ ክብ ድንበር ታያላችሁ። የተጻፈው ቦታ አንድ ዓይነት ቀለም ሊኖረው ይገባል። መሃሉ ላይ ሌላ ቀለም ያለው ቀለበት ወይም ጠቃጠቆ ካያችሁ ያ ቦታ ላይ ሊዘል ስለሚችል ጠርጥሩት።

ከዚያ ቤት ካለው ገገማ ቴፕ ላይ ሞክሩት። ላፕቶፕ ላይ መሞከር ምንም አይነግራችሁም፤ ላፕቶፑ ሁሉንም ያነባል። የመጀመሪያውን ትራክ ስሙ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ሂዱ። ሁለቱ ጥሩ ከሆኑ መሃሉም ባብዛኛው ጥሩ ነው።

ላዩ ላይ ስም ስትጽፉ እስክሪብቶ አትጠቀሙ። ብዙ ሰው የሚጠነቀቀው ለታችኛው ገጽ ነው። ነገር ግን የሲዲው ድምፅ የተጻፈው ከላይኛው ገጽ ሥር ነው፤ የሚሸፍነው ቀጭን ቫርኒሽ ብቻ ነው። ከታች 1.2 ሚሊሜትር የሚሆን ፕላስቲክ ይከልለዋል፤ ከላይ ግን ሹል እስክሪብቶ በቀጥታ ይደርስበታል። ለስላሳ ጫፍ ያለው፣ ቢቻል በውኃ የተበጠበጠ ማርከር ያዙ። ከሁሉም የሚሻለው መሃል ባለው ባዶ ቀለበት ላይ አጭር ቁጥር ጽፎ ዝርዝሩን ሽፋኑ ውስጥ በወረቀት ማስቀመጥ ነው። ለእማማ ከሆነ በትልልቅ ፊደል ይጻፍላቸው። ስቲከር አትለጥፉ። ሚዛኑን ያዛባዋል፤ በመኪና ሙቀት ሙጫው ሲላቀቅ ደግሞ ቴፑ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል።

ሲዲ-አር የሚጻፍበት ቀለም ፀሐይ አይወድም። ዳሽቦርድ ላይ ተሰጥቶ የሚውል ሲዲ ዕድሜ የለውም።

ኤምፒ3 የሚያነብ ቴፕ ካላችሁ

ያኔ «ዳታ ሲዲ» ምረጡና ኤምፒ3ዎቹን እንዳሉ ጻፉ። አሁን የሚቆጠረው ሜጋባይት ነው። አንዱ ዘፈን 5 ሜጋባይት ቢሆን 140 ዘፈን ይገባል። ኤምፎርኤ እና ፍላክ አትቀላቅሉበት፤ ብዙው የመኪና ቴፕ አያውቃቸውም። የፋይል ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፉት። በግዕዝ ፊደል ከተጻፈ ስክሪኑ ላይ ባዶ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ነው የሚደረደረው። ፎልደር በፎልደር ውስጥ አታብዙ። ሾፌር እየነዳ ፎልደር ሲፈልግ ማየት አልፈልግም።

እምቢ ሲል

ጭራሽ አላነብ ካለ መጀመሪያ ከፋብሪካ የታተመ ኦሪጅናል ሲዲ አስገቡበት። እሱንም ካላነበበ ችግሩ ከቴፑ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሌንሱ አቧራ ይዟል። ቴፑን ከመብራት ንቀሉ፣ መክደኛውን ክፈቱ። አንዲት ትንሽ የብርጭቆ ነጠብጣብ የምትመስል ነገር ታያላችሁ። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ በአይሶፕሮፒል አልኮል በጥቂቱ አርጥባችሁ ሳትጫኑ ጥረጓት። የቆመችው በቀጭን ሽቦ ላይ ስለሆነ ከተጫናችኋት ትጠማለች። እስክትደርቅ ጠብቃችሁ ሞክሩ። አፉ ጠባብ የሆነ የመኪና ቴፕ ግን በዚህ መንገድ አይጸዳም፤ ወደ ባለሙያ ውሰዱት።

ኦሪጅናሉን አንብቦ የእናንተን እምቢ ካለ በቅደም ተከተል እዩ። ዳታ ሆኖ ይሆን? ላፕቶፑ ላይ ስትከፍቱት ፋይሎቹ በኤምፒ3 ስማቸው ከተደረደሩ አዎ፤ ኦዲዮ ሲዲ ከሆነ «ትራክ 01» የሚሉ፣ መጠናቸው እዚህ ግባ የማይባል ፋይሎች ናቸው የሚታዩት። ሲዲ-አርደብሊው ይሆን? ሳይዘጋ ቀርቶ ይሆን? ሦስቱም ካልሆኑ በሌላ ዓይነት ሲዲ-አር፣ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ ድገሙት። አንዳንድ ሌንስ አንዱን ዓይነት ሲዲ ጠልቶ ሌላውን ይቀበላል።

መጀመሪያው ጥሩ ሆኖ መጨረሻው ላይ የሚዘል ከሆነ ዳሩን ጥረጉ። አጠራረጉ ከመሃል ወደ ዳር ቀጥ ብሎ ነው፤ ዙሪያውን በክብ አይደለም። ክብ ጭረት የድምፁን መስመር ተከትሎ ስለሚሄድ ማጫወቻው ሊያርመው አይችልም፤ አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ግን ባብዛኛው ሳይሰማ ያልፋል። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ይበቃል፤ ሶፍት ይጭራል። ተጠርጎም ከዘለለ በ60 ወይም በ70 ደቂቃ ገድባችሁ አዲስ ሥሩ።

ለዚህ ሲባል የሠራችሁበትን ፎልደር አትደምስሱት። የተስተካከሉትን ፋይሎች ከነቁጥራቸው በባለቤቱ ስም አንድ ፍላሽ ላይ አስቀምጡ። ሲዲው ሲጫጫር ወይም ጎረቤት «ለኔም እናት» ሲል መቁረጡንና ማስተካከሉን እንደ አዲስ አትጀምሩም፤ ባዶ ሲዲ አስገብቶ «በርን» ማለት ብቻ ነው የሚቀራችሁ።